የእማዬ ጎራ፦ ከጋምቤላ እስከ ሱሉልታ

ይህን የምጽፈው እዚህ ጋምቤላ ለምትኖሩ፣ ብርድን በወሬ ብቻ ለምታውቁ ጎረቤቶቼ ነው። ከመንገድ ከተመለስኩ ወዲህ ጁስ ቤቴ የገባው ሁሉ «ሰናይት፣ እስቲ ንገሪን» ይለኛል። ማንጎ እየፈጩ ማውራት ደግሞ አልሆነልኝም፤ ግማሹን ወሬ ማሽኑ ይበላብኛል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

የነገሩ መነሻ እማዬ ናት። እናቴን ወይዘሮ ጫልቱን ገበያ ወጥቶ በርበሬና ኮረሪማ የገዛ ሁሉ ያውቃታል። ተወልዳ ያደገችው ሱሉልታ በኩል ነው፤ ገና ልጅ ሳለች ለአባቴ ተድራ እዚህ ወረደች፣ በዚያው ቀረች። ከትንሽነታችን ጀምሮ የምትነግረን አንድ ነገር አለ። በአገሯ ጫካ ውስጥ ማንም ያልተከለው ጽጌረዳ አለ። ዛፍ ላይ ይንጠላጠላል፣ አበባው ነጭ ነው፣ ፍሬ ያፈራል፣ ፍሬው ይበላል፣ የፍሬው ሆድ ውስጥ ግን ጸጉር አለ። ስሙ ጎራ ነው ትላለች። እኛም እንደ ተረት ሰምተን አደግን።

ዕድሜዋ ሲገፋ ታላቅ ወንድሜ መስፍን ተረቱን በሽታ አደረገው። እማዬ አንድ ቀን ድስት እሳት ላይ ረስታ ነበር፤ እሱን ያዘና «እየዘባረቀች ነው» ይል ጀመር። ከወለጋ የመጣ ጓደኛውን ጠርቶ «በኦሮምኛ ጎራ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀው። ልጁም «እንጆሪ ነዋ!» አለው። በቃ! መስፍን ፈረደ። «አያችሁ? እንጆሪና ጽጌረዳ ተደባልቆባታል። ጸጉር ያለው ፍሬ የሚል ሰው ሱቅ ይዞ መቀመጥ የለበትም። ሱቁን እኔ ልረከብ፣ እሷ ቤቷ ትረፍ» አለ።

ቆሽቴ አረረ። እማዬን ከሱቋ አስወጥታችሁ ቤት ካስቀመጣችኋት አለቀላት፤ እኔ አውቃታለሁ። «ሄጄ አመጣዋለሁ!» አልኩት። ሳቀብኝ። «ጽጌረዳሽን ከነፍሬው ይዘሽ ከመጣሽ ስለ ሱቁ አፌን እዘጋለሁ። ባዶ እጅሽን ከመጣሽ ግን እረከባለሁ» አለ። ተስማማን። ለእማዬ «የጁስ ቤት ዕቃ ልገዛ ነው» አልኳት። አገሯ በትክክል የት ጋ እንደሆነ አጥብቄ ብጠይቃት ስለምትነቃብኝ ዝም አልኩ። ድሮ ስታወራ «ጫካው ከመናገሻ እስከ እንጦጦ ጀርባ የተያያዘ ነበር» ስትል ሰምቼ ስለነበር፣ ከዚያ አካባቢ ይጠፋል ብዬ አላሰብኩም።

የመጀመሪያው ቀን። ጎሕ ሲቀድ ከጋምቤላ ተነሳን። ኅዳር ነው፣ እኛ ጋ በጠዋቱ ያልባል። አውቶቡሱ ዳገቱን ሲጀምር ሰው አንድ በአንድ ጃኬት ያወጣ ጀመር፤ እኔ ያለኝ ነጠላ ነው። ጎሬ ስንደርስ ለቁርስ ቆምን። መስፍን «ጎራ ሳይሆን ጎሬ ማለቷ ነው፤ ስትመጣ ያለፈችበትን ከተማ ነው የምታወራው» ብሎኝ ስለነበር፣ ለክፉም ለደጉም ብዬ ፍርፍር ያቀረበችልኝን ልጅ «እዚህ ጫካ ውስጥ ጽጌረዳ አለ እንዴ?» አልኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «እህቴ፣ እዚህ ጫካ ውስጥ ያለው ቡናና ዝንጀሮ ነው» አለችኝ። ፍርፍሯ ግን ይጣፍጥ ነበር፤ ከእኛ ሰፈሩ ይልቃል ብል የሚቀየመኝ አለ፣ ይቀየመኝ። አመሻሹ ላይ ጅማ ገብተን አደርን።

ሁለተኛው ቀን። ከጅማ ወልቂጤ፣ ከወልቂጤ ሰበታ። ለሚያሳድሩኝ ሰዎች ብዬ ከእኛ ግቢ የለቀምኩትን አንድ ማዳበሪያ ማንጎ ረዳቱ ጣሪያ ላይ ሲጭነው የሆነ ሰው ብረት አልጋ ደረበበት። ሰበታ ወርጄ ስከፍተው ግማሹ ጭማቂ ሆኗል። እዚህም ጁስ ሠራሁ ማለት ነው!

ሰበታ ከመግባታችን በፊት መንገዱ ዳር ነጭ ላስቲክ የለበሱ ረጃጅም ቤቶች አየሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ «አበባ እርሻ ነው፣ ጽጌረዳ» ሲለኝ ልቤ ዘለለ።

«ጽጌረዳ? ፍሬ አለው?»

«ምን ፍሬ አለው፣ ሳይፈነዳ ነው የሚቆረጠው። ዘሩ ከውጭ ይመጣል፣ አበባው ወደ ውጭ ይሄዳል።»

መልካም መንገድ ብዬ ተውኩት። የእማዬ ጽጌረዳ በላስቲክ ውስጥ የሚቀመጥ ዓይነት አይደለም።

ያረፍኩበት ፔንሲዮን ባለቤት ወይዘሮ ዘይነባ ይባላሉ፤ ከታች ሱቅ አላቸው፣ ከላይ ክፍል ያከራያሉ። ክፍሉን ሲያሳዩኝ እንደ ለመድኩት «ፋን አለው?» አልኳቸው። እኛ ጋ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው አይደል? ሴትዮዋ በሩን ይዘው እስኪያነቡ ድረስ ሳቁ። «ልጄ፣ እዚህ ፋን ከፈለግሽ መስኮቱን ክፈቺ!» አሉኝ። ያኔ እኔም በብርድ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ሁለት ብርድ ልብስ ሰጡኝ፣ አልበቃ ሲለኝ የራሳቸውን ጋቢ ከትከሻቸው አውልቀው ደረቡልኝ። የተረፈውን ማንጎ አካፈልኳቸው። «የዛፍ ላይ ብስል ማንጎ ከበላሁ ዘመን የለኝም» ብለው አንዱን እዚያው ቆመው ላጡት። ጋቢውን በማግስቱ ስመልስ «ይዘሽ ሂጂ፣ ስታልፊ ትጥይልኛለሽ» አሉኝ። የማያውቁኝ ሰው ናቸው!

ሦስተኛው ቀን። ከሰበታ ወደ መናገሻው ሱባ ጫካ ወጣሁ። ስለ ጫካው ምን ልበላችሁ? የእኛ ዛፍ ጥላ ነው፤ ከሥሩ ተቀምጠህ ቢራ ትጠጣለህ። እዚያ ያለው ጥድና ዝግባ ግን አንገትህን ሰብረህ ቀና ብትልም ጫፉ አይታይም። ወይራው በእሾሃማ ሐረግ ተጠላልፏል፣ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል፣ ከፍ ስትል ደግሞ አምጃ የሚባል ቢጫ አበባ ያለው ቁጥቋጦ መንገዱን ከግራ ከቀኝ ይዞታል። ያለ ላብ ስሄድ የዋልኩት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። የእማዬ አገር እንዲህ ነው ለካ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ገና ምኑንም ሳላገኝ!

የጫካው ጥበቃ አብሮኝ ይሄድ ነበር፣ ታደሰ ይባላል። «ጎራ አለ?» አልኩት።

«ሞልቷል። ነይ።»

እግሬ ሮጠ። ወሰደኝና ቁጥቋጦ ሥር አቆመኝ። ትንንሽ ፍሬ፣ ጥቁር ቀይ። እንጆሪ! መስፍን ያለው እንጆሪ!

«ይሄ እንጆሪ ነው» አልኩት።

«አዎ፣ በኦሮምኛ ጎራ ነው።»

«ጽጌረዳ የለም? ነጭ አበባ ያለው፣ ዛፍ ላይ የሚወጣ?»

«ጽጌረዳ ግቢ ውስጥ ነው እንጂ የሚተከለው እዚህ ምን ይሠራል?» አለ፤ ደግ ሰው ነው፣ ሊያሾፍብኝ ፈልጎ አይደለም።

አንድ የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ። እማዬ በርጩማዋን ይዛ ከሱቅ ስትወጣ ታየችኝ። ታደሰ ደንግጦ እንጆሪውን በእፍኙ ለቅሞ ሰጠኝ። ጣፋጭ ነው፤ ግን በእልህ የተበላ እንጆሪ ምን ይጣፍጣል።

አራተኛው ቀን። «ሱሉልታን ሳላይ አልመለስም» ብዬ በመናገሻ በኩል ወደ ቡራዩ ሄድኩ። ሚኒባሱ ቡራዩ ሲቆም ረዳቱን «ጎራ የሚገኘው በየት በኩል ነው?» አልኩት። እሱ እቴ! ዞር ሳይል «ጎሮ? ውይ፣ በጣም ርቀሻል! መገናኛ ሄደሽ ከዚያ ነው የምትይዢው» ብሎ ሌላ ታክሲ ላይ ሊጭነኝ ቦርሳዬን አነሳ። ጎሮ ለካ በአዲስ አበባ ሌላኛው ጫፍ ያለ ሰፈር ነው። «ጎሮ አይደለም፣ ጎራ!» እላለሁ፤ እሱ «ጎሮ ነው የሚባለው፣ የሰፈሩን ስም አሳስተውሽ ነው» ይላል። ቦርሳዬን እሱ በአንድ በኩል እኔ በሌላ በኩል ይዘን ስንጓተት፣ መንገድ ዳር ድንችና ካሮት የምትሸጥ ሴት ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

«ልቀቃት አንተ! ሰው ጎራ ሲልህ ጎሮ ትላለህ?» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አንቺ ደግሞ ጎራ ጎራ ካልሽ አይቀር፣ በይ ጎራ በይ፤ ቤቴ እዚሁ ነው» አለችኝ።

ስሟ አልማዝ ነው። ድንቿን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ቤቷ አስገባችኝ፣ ሽሮ በድስቱ አቀረበችልኝ። እየበላሁ የመጣሁበትን ነገርኳት፤ እማዬን፣ መስፍንን፣ ሱቁን፣ እንጆሪውን። ስጨርስ ጉርሻ እንደያዘች ቀረች።

«እንዴ! ጎራ እኮ ሁለት ነው» አለችኝ። «አማቴ ነፍሷን ይማረውና የሱሉልታ ሰው ነበረች። እንጆሪውንም ጎራ ትል ነበር፣ ቀጋውንም ጎራ ትል ነበር።»

«ቀጋ ምንድን ነው?»

«ቀጋ አታውቂም? እኔ የመርሐቤቴ ልጅ ነኝ፣ ቀጋ እየበላሁ ነው ያደግኩት። እሾህ አለው። አበባው ነጭ ነው።»

«ጽጌረዳ ነው?»

«እኔ እንጃ፤ ቀጋ ቀጋ ነው። አጥር ነው። ማን ጽጌረዳ ይለዋል?» ትንሽ አሰበችና ድንገት ጭኗን መታች። «አንቺ! ግን እኮ መልኩም ሽታውም እሱኑ ነው!»

«ፍሬው... ሆዱ ውስጥ ጸጉር አለው?»

«አለው እንጂ! ካልጠረግሽው ጉሮሮሽን እየበላሽ ሲያስልሽ ነው የምትውዪው።»

ጮኽኩ። እልል ማለቴን አልማዝ ናት የነገረችኝ፤ ጎረቤቶቿ ምን ተገኘ ብለው በሩን ሞሉት። አያችሁ? የጫካው ጥበቃም አልዋሸ፣ የመስፍን ጓደኛም አልዋሸ። የጠየቅኩበት ስም ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ ነበር የሚወስደኝ። እማዬ በኦሮምኛ ጎራ ብላ የምታውቀውን ቁጥቋጦ፣ ጋምቤላ መጥታ በሰው ግቢ ጽጌረዳ ስታይ «ይሄማ የኛው ነው» አለች። ዘመድ ለዘመድ አገናኘች እንጂ ምኑ ነው የተደባለቀባት? አልማዝን «ታዲያ ቀጋው የት አለ?» ብላት በመስኮቱ አሳየችኝ። «እዚህ ሁሉ ነበር፣ አሁን ቤት ነው። ሱሉልታ ግን አይጠፋም።» ሌሊቱን እሷ ጋ አሳደረችኝ፤ አልጋዋን ለቃልኝ።

አምስተኛው ቀን። በአስኮና በአዲሱ ገበያ አድርጌ ባሕር ዛፍ የሞላውን የእንጦጦን ዳገት ተሻግሬ ወደ ሱሉልታ ወረድኩ። እኛ ጋ ሜዳው ሲታይ ሙቀት ይጨፍርበታል፤ የሱሉልታ ሜዳ ግን ጠርቶ የተነጠፈ ነው፣ ላሞቹ ወፋፍራም፣ ነፋሱ ጆሮ የሚቆርጥ። የወይዘሮ ዘይነባን ጋቢ ተከናንቤ ከተማውን አልፌ ወደ ጫንጮ በሚወስደው መንገድ፣ ጥድ የከበበው ቤተ ክርስቲያን ያየሁበት ቦታ ወረድኩ።

ከአጥሩ ሥር አንድ ሽማግሌ ፀሐይ ይሞቃሉ። «አካም ጅርቱ?» አልኳቸው፤ እማዬ ካስተማረችን ጥቂት ቃል አንዷ ናት። ኦቦ ደበላ ይባላሉ። ሰላምታው እስኪያልቅ የእኔን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ደኅንነት ጠየቁኝ፤ መልሱ ሁሉ «ፈያ» ነው፣ ደኅና። ከዚያ የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

«ለቀጋ ብለሽ ከጋምቤላ?» አሉ። ተነሱ። ዱላቸውን ይዘው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወደ ወንዙ በሚወርደው ጫካ ይዘውኝ ገቡ። ጥዱና ወይራው ጥቅጥቅ ብሏል። ከዚያ ሽታው ቀደመ። ኦቦ ደበላ በዱላቸው ወደ ላይ ጠቆሙ።

ወገኖቼ! ወይራውን ይዞ እስከ ጫፉ ወጥቷል። አበባው ነጭ፣ መሐሉ ቢጫ፣ አምስት ቅጠል፣ ጽጌረዳ! ፀሐይ በሚመታው በኩል ደግሞ ያው ቁጥቋጦ ላይ ቀይ ብርቱካንማ ፍሬ ተንጠልጥሏል። አበባውም ፍሬውም አንድ ላይ፣ እማዬ እንዳለችው። ማንም አልተከለውም፣ ማንም ውኃ አላጠጣውም፣ ላስቲክ አልለበሰም። እናቴ አልዘባረቀችም! ለዛፉ ነበር የምጮኸው።

ደስታ ያቅበጠብጣል፤ አንዱን ፍሬ ቀጥፌ ሙሉውን ወደ አፌ ጨመርኩ። አልማዝ የነገረችኝ ከጭንቅላቴ ጠፍቷል። ይጥማል፣ ኮምጠጥ ይላል፣ ከዚያ ያ ጸጉር ጉሮሮዬን ያዘው። ሳልኩ፣ አነባሁ፣ ተንበረከክሁ። ኦቦ ደበላ እየሳቁ ጀርባዬን ይመቱኛል። ቤታቸው ወስደው ባለቤታቸው እርጎ በኩባያ እስኪሰጡኝ አልለቀቀኝም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እያሳለኝም ደስ ይለኝ ነበር፤ ጸጉሩም እውነት ነዋ።

«ከብት አይደፍረውም» አሉኝ ኦቦ ደበላ ወደ ጫካው ስንመለስ። እሾሁን ከፈት አድርገው ከቀጋው ሥር የበቀለች ጣት የምታህል ወይራ አሳዩኝ። «እሱ ታቅፎ ያሳድጋታል። ቀጋ ያለበት ጫካ ቢቆረጥም ይመለሳል። ይሄን መንጥረን በብሎኬት እንጠር ያሉ ነበሩ። እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም አልኳቸው።» አገላለጣቸው ደስ አለኝ፤ ሽማግሌው ሲናገሩ ደረታቸው ተነፍቶ ነበር፣ የእኔም አብሮ ተነፋ።

አበባም ፍሬም ያለበትን ቅርንጫፍ ራሳቸው ቆርጠው በእርጥብ ጆንያ ጠቀለሉልኝ። «እናትሽን ሰላም በይልኝ። የማን ልጅ እንደሆነች ባውቅ ጥሩ ነበር» አሉ። እኔም አያቴን በስም አላውቃቸውም ነበርና አፈርኩ።

መመለሻው። ሰበታ ወርጄ ጋቢውን ለወይዘሮ ዘይነባ መለስኩ፤ ቅርንጫፉን አሽትተው «ማሻአላህ» አሉ። ጅማ ስደርስ ጆንያውን ብከፍተው አበባው ረግፏል። አንድ አልቀረም! ክፍሌ ውስጥ ቆሜ ጮኽኩ። መስፍንን አውቀዋለሁ፣ «ይሄ እሾህ ነው እንጂ የታል ጽጌረዳው?» ይላል። ስልኬ ላይ ፎቶ አለ፤ ፎቶ ደግሞ ከየትም ይመጣል ይለኛል። በቀረው መንገድ ሁሉ ጆንያውን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ እሾሁ እየወጋኝ ተጓዝኩ።

ጋምቤላ የገባሁት እሑድ ነበር። እማዬ ቤት ሁሉም ተሰብስቧል። መስፍን ቅርንጫፉን አገላብጦ አየና፣ እንዳሰብኩት፣ «የታል ጽጌረዳው?» አለ። ወደ እሱ ግቢ ሄጄ ሚስቱ በር ላይ ከተከለችው ጽጌረዳ አንድ ቅጠል ቆርጬ መጣሁና ከቀጋው ቅጠል አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለት። አደራደሩ፣ ጠርዙ ላይ ያለው ጥርስ፣ እሾሁ ሳይቀር ያው ነው። ፍሬውን በጥፍሬ ሰንጥቄ ጸጉሩን መዳፉ ላይ አራገፍኩለት። መስፍን ጸጉሩን በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። «ለካ እውነቷን ነው» አለ ዝግ ብሎ።

እማዬ ይሄን ጊዜ ከጓዳ ወጣች። ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አላለቀሰችም። አንድ ፍሬ አንስታ አሸተተች፣ በመዳፏ መዘነችው።

«ከየት ነው ያመጣሽው?»

«ከሱሉልታ አለፍ ብሎ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ወደ ወንዙ ስትወርጂ።»

«ወንዙን ተሻገርሽ?»

«አልተሻገርኩም።»

«አውቄያለሁ። ይሄ የወዲህኛው ነው፣ ፍሬው ትንሽ ነው። የኛ ማዶ ነው፤ የኛ ትልልቅ ነው የሚያፈራው።» ፍሬውን ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። «አባቴን የሚያውቅ ሰው አላገኘሽማ?»

«አላገኘሁም፣ እማዬ።»

«እንግዲህ እኔው እሄዳለሁ። ቲኬት ቁረጡልኝ።»

መስፍን ጉሮሮውን ጠረገ። «እማዬ፣ እንዴት... ሱቁስ?»

ዞር ብላ አየችው። «በሱቄ የተወራረዳችሁትን ገበያው ሁሉ ሰምቶት እኔ የምቀር መስሎህ ነው?» አለችው። ቆጣ አላለችም፤ ነጠላዋን እያስተካከለች ነበር የምትናገረው። «ሱቁን ስትፈልገው አልነበር? በል እስክመለስ አንተ ትይዘዋለህ። በርበሬውንም ኮረሪማውንም ዛሬ አብረን እንመዝናለን። ስመለስም መዝኜ ነው የምረከብህ።»